ሆሚዮፓቲ ምንድነው? ሳናውቅ ጀምረን፣ ዘግይተን ያወቅነው



በቤታችን መድኃኒት በሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቡናማ ብልቃጥ አለች። በውስጧ ከማሽላ ፍሬ የሚያንሱ ነጫጭ እንክብሎች ይገኛሉ። እንክብሎቹ ሽታ የላቸውም፤ ምላስ ላይ ሲያኖሯቸው ይጣፍጣሉ። አንጠቀምባቸውም፣ ብልቃጧንም አንጥላትም። ያስቀመጥናት እኛው ለራሳችን ማስታወሻ እንድትሆነን ብለን ነው። ስለ እርሷ በዚህ መጽሔት ለመጻፍ የወሰንነውም ብዙ ወንድሞችና እህቶች ስለ ሆሚዮፓቲ ስለሚጠይቁን፣ አንዳንዶችም ለመጀመር በዝግጅት ላይ መሆናቸውን ስለሰማን ነው። እኛ ሳንጠይቅ ገብተንበታልና፣ ሌላው ጠይቆና አውቆ እንዲወስን ያለፍንበትን ማካፈል ግዴታችን ሆኖ ተሰማን።

አጀማመራችን

እኛ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። የመጀመሪያ ልጃችን የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ብርድ በገባ ቁጥር ጉንፋን ይይዘዋል፤ ጉንፋኑም ወደ ጆሮው ይዞርና ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያድራል። የሕፃናት ሐኪሙ መርምሮት አብዛኛው እንዲህ ያለ ሕመም በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ እንደሚሻለው ነገረን፤ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ፣ ካልተሻለው ተመልሰን እንድንመጣ አስጠንቅቆ አሰናበተን። ንግግሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን ልጁ እያለቀሰ «ጠብቁ» መባል ለወላጅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል።

በዚህ መሐል ከፎቅ በታች የምትኖር ደግ ጀርመናዊት ጎረቤታችን ነጫጭ እንክብሎች ይዛልን መጣች። «የተፈጥሮ መድኃኒት ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም፣ ልጆቼን ሁሉ ያሳደግሁት በዚህ ነው» አለችን። ሰጠነው። በሦስተኛው ቀን ልጃችን ተነስቶ መጫወት ጀመረ። እኛም «ሱብሓነላህ!» አልን። ሐኪሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻለዋል ማለቱን ረስተን፣ ምስጋናውን ሁሉ ለእንክብሎቹ ሰጠን።

ከዚያ በኋላ ቤታችን በብልቃጥ ተሞላ። ልጅ ሲወድቅ አርኒካ፣ ሲያተኩሰው ቤላዶና፣ ሆድ ሲታወክ ኑክስ ቮሚካ ማለት ለመድን። በመጨረሻም የዚህ ሕክምና ባለሙያ ወደ ሆነች ሴት ዘንድ ሄድን። በጀርመን አገር ሐኪም ሳይሆኑ ሕሙማንን ለማከም ፈቃድ የሚሰጣቸው ሰዎች አሉ፤ ሥራቸው የሚተዳደረውም እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣ ሕግ ነው። ይህችም ሴት ከእነዚህ አንዷ ነበረች።

አቀባበሏ ልብን የሚያሳርፍ ነበር። ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አዳመጠችን። ስለ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሕልም፣ ስለ ፍርሃት፣ ጨው ወይም ጣፋጭ ስለ መውደድ፣ ሙቀት ይሻል እንደሆነ ወይም ቅዝቃዜ ጠየቀችን። በሐኪም ቤት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ለምናገኝ ለእኛ፣ በተለይም በባዕድ አገር ቋንቋ እየተንተባተብን ለምንናገር ሰዎች፣ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ስንወጣ ክፍያው ከመቶ ዩሮ በላይ መሆኑን ብናይም አልቆጨንም። ሰው ሆነን ተቆጥረን ነበርና።

ለመሆኑ ሆሚዮፓቲ ምንድነው?

ብዙ ወገኖቻችን ሆሚዮፓቲን ከዕፅዋት መድኃኒት ጋር አንድ አድርገው ያዩታል። እኛም እንደዚያው ነበርን። እናቶቻችን ለጉንፋን ዳማከሴ እንደሚጨምቁ፣ ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር እንደሚለውሱ ሁሉ ይህም የፈረንጆቹ የዕፅዋት መድኃኒት መሰለን። ነገሩ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው።

ሆሚዮፓቲን የመሠረተው ሳሙኤል ሃነማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1755 በማይሰን ከተማ ተወልዶ በ1843 በፓሪስ ሞተ። በእርሱ ዘመን የነበረው ሕክምና አስፈሪ ነበር። ሕሙማን ያለ ልክ ደማቸው ይፈስሳል፣ ሜርኩሪ ይጠጣሉ፣ በመርዛማ ነገሮች እንዲያስመልሱ ይደረጋሉ። ሃነማን ይህን ተጸይፎ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ በዚህ ሊመሰገን ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1790 የስኮትላንዳዊውን ሐኪም የዊልያም ከለንን መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ሲተረጉም፣ ወባን ስለሚፈውስ የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት የተጻፈውን አነበበ። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቅርፊቱን በራሱ ላይ ሞከረውና የወባ ሕመም የሚመስል ስሜት ተሰማው። ከዚህም ተነስቶ «በጤነኛ ሰው ላይ አንድን የሕመም ምልክት የሚያመጣ ነገር፣ ያንኑ ምልክት ያለበትን በሽተኛ ይፈውሳል» የሚል መርሕ አወጣ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1796 አሳተመ፤ በ1810 ደግሞ «ኦርጋኖን» የተባለውን ዋና መጽሐፉን አወጣ።

እኛ የወባ አገር ልጆች ነንና ይህን ታሪክ ልብ ልንለው ይገባል። የሲንኮና ቅርፊት ወባን የሚፈውሰው የወባን ምልክት ስለሚመስል አይደለም። በውስጡ ኩዊኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለና ይህም በደም ውስጥ ያለውን የወባ ተውሳክ ስለሚገድል ነው። ኩዊኒንን ፈረንሳውያን ቀማሚዎች ከቅርፊቱ ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1820 ሲሆን፣ የወባ ተውሳክ የታየው ደግሞ በ1880 ነው። በአማርኛችን የሚዋጥን መድኃኒት ሁሉ «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ የወባ መድኃኒት ስም ወርሰን ነው። እንግዲህ ሃነማን ቅርፊቱ መሥራቱን በትክክል ተመለከተ፣ ለምን እንደሚሠራ ግን ተሳሳተ። የሆሚዮፓቲ ሕንጻ የቆመው በዚህ ስሕተት ላይ ነው።

በብልቃጧ ውስጥ ያለው ምንድነው?

ሁለተኛው የሆሚዮፓቲ መርሕ መድኃኒቱ በቀጠነ መጠን ይበረታል የሚል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ዕፅ፣ ማዕድን ወይም እንስሳ የተዘጋጀ ፈሳሽ አንድ እጅ ተወስዶ ከዘጠና ዘጠኝ እጅ ውሃ ወይም አልኮል ጋር ይቀላቀላል፤ በኃይልም ይናጣል። ይህ አንድ ጊዜ ሲደረግ «ሲ 1» ይባላል። ከዚያ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና ከዘጠና ዘጠኝ እጅ ጋር ሲናጥ «ሲ 2» ይሆናል። «ሲ 30» ማለት ይኸው ሠላሳ ጊዜ ተደጋግሟል ማለት ነው። በጀርመን የተለመደው «ዲ» የሚለው ምልክት ደግሞ በየጊዜው አንድ ለአሥር መቅጠኑን ያመለክታል፤ «ዲ 6» ስንል አንድ ሚሊዮን እጥፍ ቀጥኗል ማለታችን ነው። በመጨረሻም ፈሳሹ በስኳር እንክብሎች ላይ ይርከፈከፋል፣ ይደርቃል፣ ይታሸጋል።

«ሲ 30» ምን ያህል ቀጭን ነው? ከ1 ቀጥሎ 60 ዜሮ ተጽፎ የሚገኘውን ቁጥር ያህል ነው። አንድ ጠብታ ወስደን በጣና ሐይቅ ሙሉ ብንበጠብጠው፣ ያ ውሃ ከ«ሲ 30» እጅግ የወፈረ ይሆናል። በዓለም ባሕሮች ሁሉ ብንበጠብጠውም እንደዚያው። ከ«ሲ 12» ገደማ በኋላ ከመጀመሪያው ንጥረ ነገር አንዲት ቅንጣት እንኳ በብልቃጡ ውስጥ የመገኘቷ ነገር አጠራጣሪ ነው። ሆሚዮፓቶች ይህን አይክዱም፤ ይልቁንም በመናጡ ምክንያት ውሃው የንጥረ ነገሩን ኃይል ይይዛል ይላሉ። ይህን አባባላቸውን ግን የፊዚክስም ሆነ የኬሚስትሪ ሳይንስ አላረጋገጠላቸውም።

ለእናታችን የላክነው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ደሴ የሚኖሩት እናታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን ለዓመታት ሲወስዱ ቆይተዋል። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ እግራቸው ሌሊት ሌሊት እንደ ፍም እንደሚያቃጥላቸው ነገሩን። ይህ ስኳር በነርቭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ያን ጊዜ ግን ወደዚያች ባለሙያ ሄደን ነገርናት፤ እርሷም እናታችንን ሳታይ፣ የስኳራቸውን መጠን ሳትጠይቅ፣ የአንድ መድኃኒት ስም ጽፋ ሰጠችን። ብልቃጧን ገዝተን ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ላክን።

እናታችን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። «ልጆቼ፣ አላህ ይስጣችሁ፤ ከጀርመን ድረስ ላካችሁልኝ» አሉን። በሁለተኛው ሳምንት እግራቸው እንደባሰባቸው ሲነግሩን እኛ ምን እንዳልናቸው ስናስታውስ እስከ ዛሬ እናፍራለን። ሆሚዮፓቶች መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ቢብስ መድኃኒቱ መሥራት መጀመሩን ያሳያል ይላሉ። እኛም ይህንኑ ደገምንላቸው፤ «አይዞዎት እማማ፣ መባሱ ደግ ምልክት ነው» አልናቸው።

አንድ ነገር ግን አልነገርናቸውም፤ የሐኪሙን ኪኒን እንዳይተዉ። እንዲተዉ አላዘዝንም፣ እንዳይተዉም አላስጠነቀቅንም። እሳቸው ደግሞ የልጆቻቸው መድኃኒት ከመጣ የበፊቱ ምን ያደርጋል ብለው ትተውት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ እኅታችን ደወለች። እናታችን ጫማ ልጧቸው የአውራ ጣታቸው ጎን ቆስሏል፤ ሕመም ስላልተሰማቸው ለቀናት አላዩትም፤ ቁስሉ አመርቅዟል፣ ስኳራቸውም እጅግ ከፍ ብሏል። ሆስፒታል ገቡ። አልሐምዱሊላህ፣ ሕይወታቸው ተርፏል፤ እግራቸውም ተርፏል። አንድ ጣታቸው ግን ተቆርጧል።

በዚያ ሳምንት ባልና ሚስት አንዳችን የሌላችንን ፊት ማየት አቃተን። ሕክምናን ሳያውቅ ሌላውን የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን፣ በአቡ ዳውድ ስብስብ ውስጥ መዘገቡንም ከዚያ በፊት ሰምተን ነበር። ለሐሰተኛ ሐኪሞች የተነገረ እንጂ ለእኛ የተነገረ አልመሰለንም ነበር። በፍቅር የተሰጠ መድኃኒት ያለ እውቀት ከተሰጠ ፍቅሩ ከተጠያቂነት እንደማያድን የገባን በእናታችን ጣት ነው።

ተመራማሪዎች ምን ይላሉ?

ከዚህ በኋላ ማንበብ ጀመርን። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብንን መጨረሻ ላይ አደረግነው። የአውስትራሊያ መንግሥት የጤና ምርምር ምክር ቤት በሆሚዮፓቲ ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን አስመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ ሆሚዮፓቲ ይሠራል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም በሽታ እንደሌለ አስታውቋል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ሐኪሞች በመንግሥት ወጪ እንዳያዙት እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያ አወጣ። ፈረንሳይም ከ2021 መግቢያ ጀምሮ የመንግሥት መድን እንዳይከፍልለት አደረገች። በትውልድ አገሩ በጀርመን ሳይቀር የሐኪሞች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሆሚዮፓቲን ከሐኪሞች ተጨማሪ የሥልጠና መመሪያው አውጥቶታል።

በሌላ በኩል ሕንድን በመሳሰሉ አገሮች ሆሚዮፓቲ በሕግ የታወቀና ኮሌጆች ያሉት ሕክምና ነው። በሕግ መታወቅ ግን መፈወሱን ማረጋገጥ አይደለም። በጀርመንም እንክብሎቹ የሚሸጡት በፋርማሲ ነው፤ ሆኖም የበሽታ ስም ሳይጻፍባቸው የሚመዘገቡት የሆሚዮፓቲ መድኃኒቶች እንደሌላው መድኃኒት ፈዋሽነታቸውን በጥናት እንዲያስመሰክሩ አይገደዱም። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የተፈተነ ይመስለን ነበር።

ታዲያ ብዙ ሰው ተሻለኝ የሚለው ለምንድነው? ሰዎቹ አይዋሹም። ጉንፋን፣ የሕፃናት የጆሮ ሕመም፣ የወገብ ሕመም በጊዜው ይመጣል፣ በጊዜው ይሄዳል። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚነሳው ሕመሙ በጠናበት ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መሻል ለመድኃኒቱ ይቆጠራል። በዚያ ላይ ሁለት ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው ማግኘትና ተስፋ ማድረግ በራሱ ሕመምን ያቀላል። ይህ ከንቱ ነገር አይደለም። ግን ተስፋ የደም ስኳርን አያወርድም፣ የወባን ተውሳክም አይገድልም።

ሐላልና ሐራምን በተመለከተ

አንድ ሙስሊም ሊጠይቀው የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። ጠብታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጁት በአልኮል ነው፤ የብልቃጡ ጽሑፍ ላይም ይገለጻል። እንክብሎቹም የሚረከፈከፍባቸው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ አልኮል አለበት፣ ቢተንም። የአንዳንዶቹም ምንጭ የእባብ መርዝ፣ ንብ ወይም የባሕር እንስሳ ቀለም ነው፤ ከእከክ በሽታ ፈሳሽ የሚጀመርም አለ። በመድኃኒት ውስጥ ስላለ ጥቂት አልኮልና መጠኑ ስለጠፋ ነገር ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው፣ ይህን የምናውቃቸውን ዓሊሞች እንጠይቅ እንጂ እኛ ፈትዋ አንሰጥም። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ችግር ሲገጥም ይፈቀዳል የሚባለው ነገር ፈዋሽነቱ ለታወቀ መድኃኒት ነው። ፈዋሽነቱ ላልታወቀ ነገር ችግርን ምክንያት ማድረጉ ይከብዳል። በረመዷንም እንክብሉ በምላስ ሥር ሟሙቶ የሚዋጥ ስኳር መሆኑን አንርሳ።

ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስብ

ማንንም በግድ አናስቀርም። ሆሚዮፓቲን እሞክራለሁ ለሚል ወገናችን ግን እነዚህን እንለምነዋለን።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የበሽታውን ምንነት ይወቅ። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይተው፤ ተው የሚል ባለሙያ ካጋጠመው ተነስቶ ይውጣ። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለአስም፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለካንሰር በእንክብል አይታመን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለኤች አይ ቪ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለወባ፣ ለኢንፍሉዌንዛና ለሕፃናት ተቅማጥ ሆሚዮፓቲን እንደማይመክር ማስታወቁን ልብ ይበል። በእንክብል ተማምኖ ልጁን ከክትባት አያስቀር። ብልቃጡ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብብ፤ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ በውስጡ ንጥረ ነገር ሊኖር ይችላልና «ምንም ጉዳት የለውም» የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕፃናት ጥርስ ማብቀያ ይሸጡ በነበሩ አንዳንድ የሆሚዮፓቲ ኪኒኖች ውስጥ ከሚገባው በላይ የቤላዶና መርዝ ማግኘቱን አስታውቋል። ሕመም ሲብስ «ደግ ምልክት ነው» የሚለውን አይቀበል፤ የባሰ ሕመም ሐኪም የሚያየው ሕመም ነው።

በውጭ አገር ለምንኖር ደግሞ አንድ አደራ አለን። አገር ቤት ያሉ ወላጆቻችን ከእኛ የመጣውን ነገር ሁሉ ከሐኪማቸው ቃል በላይ ያምኑታል። ስለዚህ መድኃኒት ከመላክ በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም እናማክር። ለስኳር ሕመምተኛ ወላጅ መላክ ካማረን ለእግር የማይጠብብ ጫማና የስኳር መለኪያ እንላክ። እግራቸውን በየቀኑ እንዲያዩ፣ ማየት ካልቻሉም ሌላ ሰው እንዲያይላቸው እናስታውሳቸው። ለውዱእ እግር በሚታጠብበት ጊዜ በጣቶች መሐል ማየት ለዚህ የተመቸ አጋጣሚ ነው።

ማጠቃለያ

ባለፈው በጋ ደሴ ሄደን እናታችንን ጠየቅን። እግራቸው ሥር ቁጭ ብለን ይቅርታ ስንጠይቃቸው «በሽታውንም መድኃኒቱንም ያወረደ አላህ ነው፤ እናንተ የላካችሁት ፍቅራችሁን ነው» አሉን። ከዚያም ፈገግ ብለው «ሌላ ጊዜ ግን ፍቅራችሁን በማር ላኩልኝ እንዳልል ስኳር አለብኝ» ሲሉ አብረናቸው ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ከእንባ ጋር ነበር። ዛሬ ኪኒናቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ እኅታችን ከመግሪብ በኋላ እግራቸውን ታያለች።

ሰበብ ማድረስ ከተወኩል አይቃረንም። ሰበብ ግን ሰበብ መሆኑ የታወቀ ሊሆን ይገባዋል። አላህ (ሱ.ወ.) ለሕሙማኖቻችን ሺፋ ይስጥልን፤ ለእኛም ሳናውቅ ከመናገር ይጠብቀን። አሚን።